ቁጭ ያለውን ብቻ የሚያይ ቆርቆሮ

አባቴ ሃያ ዘጠኝ ዓመት በጨለማ ውስጥ ነው የሠራው። እንዲህ ስል አንዳንዱ ሰው የማዕድን ጉድጓድ ይመስለዋል። አይደለም፤ ሆስፒታል ራጅ ክፍል ውስጥ ፊልም አጣቢ ነበር። ራጅ አንሺዋ በሽተኛውን ታነሳና ፊልሙን በግድግዳው ላይ ባለች ትንሽ መዝጊያ ታቀብለዋለች፤ እሱ በቀይ አምፖል ብርሃን ከአንዱ ፈሳሽ ወደ ሌላው እያገላበጠ ያጥበዋል፣ ያደርቀዋል፣ መልሶ ያወጣዋል። የሰው ፊት አያይም። የሚያየው ጎድን ነው፣ ክርን ነው፣ ጉልበት ነው። አንድ ቀን አንድ ሰውዬ መንገድ ላይ አስቁሞት «ጋሼ፣ ረሱኝ እንዴ? ያኔ እግሬን ተሰብሬ ስመጣ...» ቢለው፣ አባዬ «እግርህን ብታሳየኝ አስታውስህ ነበር» አለው። እየቀለደ አልነበረም።

ሆስፒታሉ ውስጥ «የጨለማው ሹም» ይሉታል። ሳያንኳኩ በሩን መክፈት ክልክል ስለነበረ፣ ዋናው ሐኪም እንኳ ደጁ ቆመው ፈቃድ ይጠይቁ ነበርና የወጣለት ስም ነው። ብርሃን ለሱ ጠላት ነበር። ከሥራ ሲወጣ ዓይኑን ጨፈን ጨፈን እያደረገ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ የጫማውን ጫፍ እያየ ነው ቤት የሚደርሰው። ቤትም ሲገባ መጀመሪያ የሚያደርገው መጋረጃ መዝጋት ነው። እናቴ ደግሞ የተማሪ ዩኒፎርም የምትሰፋው ቤት ውስጥ፣ መስኮት ሥር ነው። እሱ ይዘጋል፣ እሷ ትከፍታለች። «ያገባሁት የሌሊት ወፍ ነው» ትላለች ለጎረቤት።

ከሦስት ዓመት በፊት ሆስፒታሉ ፊልም የማይፈልግ አዲስ መሣሪያ አስገባ። ምስሉ በቀጥታ ኮምፒውተር ላይ ይወጣል። ማጠብ የለ፣ ማድረቅ የለ። አባዬን ጡረታው ገና ስለነበረ ካርድ ክፍል መደቡት። ከጨለማ አውጥተው ሦስት ትልልቅ መስኮት ያለው ክፍል ውስጥ፣ የበሽተኛ ካርድ ከመደርደሪያ እያወረደ እንዲሰጥ። ሥራው ቀላል ነው፤ ሰዎቹም ደጎች ናቸው። እሱ ግን ቤት ሲመጣ እራቱን ይቆነጥርና ግድግዳ ያያል። እናቴ «ምን ሆንክ?» ስትለው «ምንም፣ ዓይኔን ነው» ይላል። ዓይኑ እንዳልሆነ ሁላችንም እናውቃለን።

አንድ ቀን የግምጃ ቤቱ ኃላፊ ጠርቶ የድሮውን ጨለማ ክፍል ባዶ እንዲያደርግለት ጠየቀው። መጥረጊያና ባልዲ ማስቀመጫ ሊደረግ ነው። አባዬ ሄዶ ገንዳዎቹን አጠበ፣ መስቀያዎቹን ሰበሰበ። ክፍሉ መስኮት አለው፤ ግን ከጥንት ጀምሮ በጥቁር ጣውላ ተመትቷል። ጣውላው ላይ ደግሞ አንዲት የሚስማር ቀዳዳ አለች። አባዬ ሥራ በጀመረ በሳምንቱ ነበር በጥጥ የወተፋት፤ ከዚያ ወዲህ ጥጧን ሳይነካካ ውሎ አያውቅም፣ ላልታ ብርሃን እንዳታስገባበት። ያን ቀን ግን የሚበላሽ ፊልም ስላልነበረ ጥጧን መዘዛት። ከዚያ መጥረጊያውን ለማንሳት ዞር ቢል፣ በማዶው ግድግዳ ላይ ሰዎች ይሄዳሉ።

መጀመሪያ የታመመ መስሎት ነበር። ዓይኑን አሸት አሸት አደረገ። ሰዎቹ አልጠፉም። በጭንቅላታቸው ቆመው ነው የሚሄዱት። ሰማዩ ከታች ነው፣ መሬቱ ከላይ። የልብስ አጣቢዎቹ ሴቶች ተዘቅዝቀው ነጭ አንሶላ ገመድ ላይ ያሰጣሉ፣ አንሶላው ወደ ላይ ተንጠልጥሎ በነፋስ ይርገበገባል፤ ዛፉ አረንጓዴነቱ ሳይቀር አለ። የጓሮው ግቢ እንዳለ፣ ከነቀለሙ፣ በአንዲት ሚስማር ቀዳዳ ሾልኮ ገብቶ ግድግዳው ላይ ተዘርግቷል።

ምን ያህል እንደቆመ አያውቅም። ያገኘችው ዋናዋ ነርስ ናት፤ ሁሉም ሲስተር ነው የሚላት። በሩን በረገደችው።

«ሹሙ! ካርድ ክፍል ሲፈልጉህ አንተ እዚህ...»

«ዝጊው! በሩን ዝጊው!»

«ደግሞ ምን የሚበላሽ ፊልም ኖሮህ ነው?»

«ግድ የለሽም፤ ግቢና ዝጊው።»

ገባች፣ ዘጋችው። እንደሷ ዝም የማትል ሴት ሆስፒታሉ ውስጥ የለችም ይላል አባዬ፤ ያን ጊዜ ግን አንገቷን አዘቅዝቃ ግድግዳውን ብቻ ታይ ጀመር።

«ሲኒማ ነው?» አለች በመጨረሻ።

«ግቢያችን ነው።»

«ያችኛዋ... ያቺ ከላይ የተንጠለጠለችው የኛዋ ልብስ አጣቢ አይደለችም? ወይ ጉድ! አሁን እኮ ነው ያናገርኳት!»

አባዬ ያን ቀን ቤት ሲመጣ መጋረጃ አልዘጋም። ኮቱን ሳያወልቅ ነገረን። ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያ ሁሉ ነገር ጥጡ ጀርባ ሆኖ ይጠብቀው ነበር አለን። እናቴ የስፌት መኪናዋን ሳታቆም «ታዲያ ምን ይደረግ?» አለችው። እሱም ምን እንደሚደረግ ገና አላወቀም።

ያወቀው በማግስቱ ነው። የግምጃ ቤቱ ኃላፊ ጊዜው ያለፈበት አሥራ አንድ ካርቶን የራጅ ፊልምና የተረፈውን ፈሳሽ አሳየውና «ወይ አስወግዳቸው ወይ ውሰዳቸው፤ ብቻ ከዓይኔ ዞር ይበሉልኝ» ብሎ ወረቀት ፈረመለት። አባዬ በሁለት ጉዞ ቤት አመጣቸውና አልጋ ሥር ደረደራቸው። ከዚያ አንድ ሰፊ የብስኩት ቆርቆሮ አገኘ። ከሰፈራችን ጫማ ሠሪ ጥቁር ቀለም ለምኖ ውስጡን ቀባው። ጎኑን ቀዶ ከለስላሳ ጣሳ የቆረጣትን ስስ ቆርቆሮ ለጠፈበትና በእናቴ መርፌ በሳት።

«በቀጭኗ መርፌዬ?» አለች እናቴ።

«ወፍራሟ ትልቅ ቀዳዳ ታወጣለች።»

«እኔስ በምን ልስፋ? በምስማር?»

ነገሩ እንዲህ ነው፦ ፊልሙን ጨለማ ውስጥ ቆርቆሮው ሆድ ውስጥ ያስቀምጣል፣ ክዳኑን ይገጥማል፣ ቀዳዳዋን በጥቁር ፕላስተር ይሸፍናል። የሚያነሳው ነገር ፊት ለፊት ሲደርስ ቆርቆሮውን ደልደል አድርጎ ያስቀምጥና ፕላስተሩን ያነሳል። ብርሃኑ በዚያች ቀዳዳ ቀስ እያለ ይገባል። ከዚያ መልሶ ይሸፍናል፣ ቤት ይመጣል፣ መታጠቢያ ቤታችን ውስጥ በቀይ አምፖል ያጥበዋል። የመጀመሪያዎቹ ስድስት ፊልሞች እንደ ከሰል ጠቁረው ወጡ። ሰባተኛው ምንም ሳይኖርበት ባዶውን ወጣ። ሻምፖዋን ፍለጋ ደጅ ቆማ የምትጠብቀው እናቴ «ጥቁሩንም ነጩንም አየን፤ አሁን እንግዲህ በሩን ክፈትልኝ» አለች። አባዬ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ።

ስምንተኛው ግን ወጣ። የኛው መንገድ ነው፤ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ ሰው እንደ ጉንዳን በሚርመሰመስበት ሰዓት ያነሳው። ነጩ ጥቁር፣ ጥቁሩ ነጭ ሆኖ ስለሚወጣ በሌላ ፊልም ላይ ገልብጦ አስተካከለውና መስኮቱ ላይ አስደግፎ ጠራን። የራጅ ፊልም መደቡ ሰማያዊ ነው። ሰማያዊ መንገድ፣ ሰማያዊ ግድግዳ፣ ሰማያዊ ደረጃ። ድንጋዩ አንድ በአንድ ይቆጠራል። ሰው ግን የለም። አንድም ሰው።

«ሰዉን የት አደረስከው?» አልኩት።

አባዬ ፊቱን መስኮቱ ላይ ለጥፎ ሲያይ ቆየና ሳቀ። «አራት ደቂቃ ነው ክፍት የነበረው። በሽተኛ ሲነሳ ከተነፈሰ ፊልሙ አይደበዝዝም? እነዚህ ሁሉ ተነፈሱ፣ ሄዱ። ቁጭ ያለ ብቻ ነው የቀረው። ያውና!»

እውነትም ጥግ ላይ ጃንጥላው ሥር ጫማ ሠሪው አለ፤ አጠገቡ የተኛ ውሻ አለ። በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሀል ቆርቆሮው ያያቸው ሁለቱን ብቻ ነው። አባዬ ፎቶውን ወስዶ ለጫማ ሠሪው አሳየው፤ እኔም አብሬው ወረድኩ። ጫማ ሠሪው ፊልሙን ወደ ሰማይ አንስቶ አንዱን ዓይኑን ጨፍኖ መረመረ።

«ጃንጥላዬ አለች። ባርኔጣዬም አለች። ጋሼ፣ እጄስ?»

እጆቹ የሉም። ከክርኑ በታች እንደ ጭስ በኖ ጠፍቷል።

«እየሠሩ ስለነበረ ነው» አለው አባዬ። «የሚንቀሳቀስ ነገር አይቀርም።»

«እንግዲያው ሥራ ፈት ብሆን ሙሉ ሰው እሆን ነበር ማለት ነዋ! ውሻው ይኸው ጅራቱ ሳይጎድል ተነስቷል!»

ቢሆንም ፎቶውን አልመለሰም። ጃንጥላው ዘንግ ላይ በክር አሰረው። ጫማ የሚያሰፋ ሁሉ ሲጠብቅ እሱን ያያል።

ከዚያ በኋላ አባዬ ሌላ ሰው ሆነ። አንገቱን ቀና አድርጎ መሄድ ጀመረ። አሥራ አምስት ደቂቃ የሚፈጀው መንገድ አርባ ደቂቃ ይፈጅበታል። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ፣ እኔ አስተማሪ ነኝ፣ ደረጃችን መሀል ቆሞ አገኘሁት። የሰው መንገድ ዘግቷል። «እዪ» አለኝ፤ የደረጃው ብረት ጥላ ግድግዳው ላይ ወድቆ መሰላል ሠርቷል። «አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ይመጣል፣ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ይጠፋል። ስንት ዓመት ኖርን እዚህ?» አሥራ ስምንት ዓመት ኖረናል። በየቀኑ በዚያ መሰላል ላይ ተራምጄ ገብቻለሁ። ካርድ ክፍሉንም ወደደው፤ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ በመደርደሪያዎቹ መሀል ስትገባ የካርዶቹ ጠርዝ ይበራል ይላል። ጎረቤት ግቢ ውስጥ ካለው የውሃ ሳፋ የሚነሳው ብርሃን ጣሪያችን ላይ ሲጨፍር ሲያይ እናቴን ጠራት።

«ነይ እዪ!»

«ምኑን?»

«ብርሃኑን።»

«ብርሃን ለማየት ነው ከሥራዬ የምታስነሳኝ? የአርባ ሦስት ቀሚስ ክምር ይጠብቀኛል!»

እናቴ ቁጭ ብላ አታውቅም። መስፋቷ መቀመጥ ከሆነ ተቀምጣለች፤ ግን ስትሰፋም እግሯ ይረግጣል፣ እጇ ይገፋል፣ መሀል ላይ ትነሳለች፣ ትተኩሳለች፣ ቁልፍ ትፈልጋለች። ምሳዋን ቆማ ነው የምትበላው። አንድ ቅዳሜ ጠዋት አባዬ ሳይነግራት ቆርቆሮውን ቁምሳጥኑ ላይ አስቀምጦ፣ እሷ ስትሠራ ክፍሉን ለሃያ ደቂቃ አነሳው። የታጠበውን ሲያመጣ ደስ ብሎት ነበር። መስኮቱ ላይ ለጥፎ አሳያት።

እናቴ ወደ መስኮቱ ጠጋ አለች። የስፌት መኪናው አለ። ወንበሩ አለ። ካውያው፣ የታጠፈው ዩኒፎርም፣ መቀሱ፣ ሁሉም አሉ። ወንበሩ ላይ ስስ ጉም የመሰለ ነገር ብቻ ይታያል።

«እኔስ?» አለች።

«ነበርሽ እኮ...»

«የሻይ ብርጭቆዬ እንኳ አለች። እኔ የለሁም።»

እየሳቀች ነው የጀመረችው፤ ሳቁ ግን መሀል ላይ ተቆረጠ። ዞራ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ምሳ ስንበላ እሷ ቆማ ሁለት ጉርሻ ጎርሳ ወደ ስፌቷ ሄደች። አባዬ እኔን ያያል፣ እኔ እሱን አያለሁ። ሆድ እንደባሳት ገብቶናል። ፎቶውን ሊያነሳው ሲል «ተወው፣ እዚያው ይሁን» አለችው።

ከሁለት ቀን በኋላ ነው፣ ቁልፍ እየተከለች፣ ቀና ሳትል የጠየቀችው።

«ምን ያህል ነው ቁጭ ማለት ያለብኝ?»

«መስኮቱ አጠገብ ከሆነ አሥራ ሁለት ደቂቃ።»

«አሥራ ሁለት ደቂቃ ሙሉ? ምን እየሠራሁ?»

«ምንም።»

«ምንም ማለት?»

«ምንም ማለት ምንም ነዋ።»

«እንዲህማ አይሆንም» አለች። ሦስት ቅዳሜ አስተላለፈችው፤ አንዱን ትምህርት ቤት ሊከፈት ነው ብላ፣ አንዱን ፀጉሬን አልተሠራሁም ብላ፣ አንዱን ያለ ምክንያት። በአራተኛው ቅዳሜ ጠዋት ስነሳ ሰማያዊ ቀሚሷን ለብሳ፣ የተጣበቀባትን ክር አንድ በአንድ እየለቀመች አገኘኋት። «በሉ ቶሎ፣ ሐሳቤን ሳልቀይር» አለች።

አባዬ ሁለት ወንበር ደረደረ። አንዱ ለእይታ ነው አለ። እሷ ተቀመጠች። እጇን የት እንደምታደርገው ጠፋት፤ ጉልበቷ ላይ አደረገችው፣ አነሳችው፣ መልሳ አደረገችው። አባዬ ቆርቆሮውን አመቻችቶ ፕላስተሩን አነሳ። እኔ ሰዓት ያዥ ነኝ። አንድ ደቂቃ እንኳ አልሞላም።

«አንተስ እዚያ ተገትረህ ምን ትሠራለህ?» አለች ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ።

«እጠብቃለሁ።»

«የሚያየው ቆርቆሮው አይደለም እንዴ? ና ቁጭ በል።»

አባዬ ወደኔ አየ። በአገጬ «ሂድ» አልኩት። በጫማው ጫፍ ሄዶ አጠገቧ ተቀመጠ፣ እጁን ጉልበቱ ላይ አደረገ፣ ፊት ለፊት አየ። አምስተኛው ደቂቃ ላይ እናቴ «አፍንጫዬን በላኝ» አለች።

«ታገሺ።»

«ሠላሳ ዓመት ታገስኩ።»

አባዬ በአፍንጫው ሳቀ፤ እሷም ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። «ኧረ ትደበዝዛላችሁ!» ብዬ ተቆጣሁ፣ እንደ ተማሪዎቼ። ጸጥ አሉ። እኔ እነሱን ማየት ቀጠልኩ። እነዚህን ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን፣ እጃቸው ባዶ፣ አንድም ነገር ሳይሠሩ ተቀምጠው አይቻቸው እንደማላውቅ ያን ጊዜ ነው የታሰበኝ። ከታች የጫማ ሠሪው መዶሻ ይሰማል። የእናቴ ትከሻ ቀስ እያለ ወረደ። ዓይኗ መስኮቱ ላይ ነው፤ ምን እንደምታይ አልጠየቅኳትም። አሥራ ሁለት ሲሞላ ሄጄ ቀዳዳዋን ሸፈንኩና «አለቀ» አልኩ።

አልተነሱም። አባዬ ፊልሙን ለማጠብ የሚቸኩለው ሰውዬ፣ እናቴ ያ ሁሉ ቀሚስ የሚጠብቃት ሴትዮ፣ እንደተቀመጡ ቀሩ። ጠብቄ ጠብቄ ሻይ ላፈላ ወጣሁ።

ፎቶው ላይ እናቴ ጥርት ብላ ወጥታለች፤ ቀሚሷ፣ እጇ፣ ጣቷ ላይ ያለችው የመርፌ ጠባሳ ሳትቀር። ስለሳቀች ብቻ አፏ ድርብ ሆኗል፤ አንዱ የሚስቅ፣ አንዱ ዝም ያለ። አባዬ ዘግይቶ ስለተቀመጠ በደረቱ ውስጥ የወንበሩ መደገፊያ በስሱ ይታያል።

«አንተ ትንሽ ጎድለሃል» አለችው።

«ዘግይቼ ስለመጣሁ ነው።»

«ቢሆንም መጥተሃል» አለችና ፎቶውን የስፌት መኪናዋ ፊት ለፊት ያለው የመስኮት መስታወት ላይ ራሷ ለጠፈችው። ባዶው ክፍል የተነሳበትንም አላወረደችም፤ ከጎኑ ነው ያደረገችው። ጠዋት ፀሐይ ስትገባ በሁለቱም አልፋ የምትሰፋው ጨርቅ ላይ ሰማያዊ ታጠላለች። «የክሩን ቀለም አሳሳተኝ» ብላ ታማርራለች እንጂ እናውርዳቸው ብትሏት አትፈቅድም።

ጨለማው ክፍልም መጥረጊያ ማስቀመጫ ሆኖ አልቀረም። ሲስተር ዳይሬክተሩን እጃቸውን ይዛ አስገብታ፣ በሩን ዘግታ፣ ግቢውን ግድግዳው ላይ አሳየቻቸው። አሁን ራጅ ለመነሳት ወረፋ የሚጠብቁ ሰዎች ሦስት ሦስት እየሆኑ ይገባሉ። ዳሌያቸውን ተሰብረው በተሽከርካሪ ወንበር የመጡ አንድ አዛውንት ወረፋዎ ደርሷል ሲባሉ «ትንሽ ቆዩ፣ ያቺ ልጅ አንሶላዋን አልጨረሰችም» ማለታቸውን ሲስተር ለመጣ ለሄደው ታወራለች።

እሑድ እሑድ ሁለቱ አብረው ይወጣሉ። ቦታ የምትመርጠው እናቴ ናት። አባዬ ቆርቆሮውን ይይዛል፣ እሷ ትራስ ትይዛለች፤ የድንጋይ መቀመጫ ወገቧን ያሳምማታል። ባለፈው ወር የመረጠችው አውቶቡስ ጣቢያውን ነበር። እሷ ቆርቆሮው ፊት ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጠች፣ አባዬ ከቆርቆሮው ኋላ ሆኖ ሰዓት ያያል። ሁለት ትልልቅ ዘንቢል የያዘች ሴትዮ መጣችና «እናንተ ምን እየሸጣችሁ ነው?» አለች።

«ምንም» አለቻት እናቴ። «ቁጭ ብዬ ነው።»

«ዝም ብለሽ?»

«ዝም ብዬ። ሞክሪው።»

ሴትዮዋ ዘንቢሎቿን አስቀምጣ ተቀመጠች። አውቶቡስ መጣ፣ ሄደ። ፊልሙ ሲታጠብ ያ ሁሉ ተሳፋሪ፣ ያ ሁሉ አውቶቡስ የለም፤ ሰፊ ባዶ ጣቢያ ነው፣ መሀሉ ላይ ሁለት ሴቶችና ሁለት ዘንቢል። የሴትዮዋን ስም ስላልጠየቁ አባዬ አንድ ቅጂ ሠርቶ በየእሑዱ ኪሱ ውስጥ ይዞ ይወጣ ጀመር። ያለፈው እሑድ፣ እኔም አብሬያቸው ሳለሁ፣ አገኟት። ፊልሙን ወደ ፀሐይ አንስታ ራሷን ስታይ ቆየች።

«ያን ቀን አውቶቡሱ ያመለጠኝ ለዚህ ነው?»

«ሁለት ነው ያመለጠሽ» አለቻት እናቴ። «ወሬ ይዘሽ አላየሽም እንጂ።»

ሴትዮዋ ከት ብላ ሳቀች፤ እናቴም ትራሷን ገፋ አድርጋ ቦታ ለቀቀችላት። ከኋላቸው ሦስተኛው አውቶቡስ በሩን ዘግቶ ሲንቀሳቀስ ያየሁት እኔ ነኝ፤ ግን አልነገርኳቸውም።